ያልተገዛው ፓምፕ

ሰፈሩ «ጋሽ ሳሙና» ነው የሚለው። የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ግድግዳ ሲሰረስር ኖሯል። ስሙን ያገኘው ከደረት ኪሱ ነው። ሌላው ባለሙያ መጋጠሚያውን ጥርቅም አድርጎ፣ ውሃውን ለቆ፣ እጁን ጠርጎ ውልቅ ይላል። እሱ ግን ውሃ ከመልቀቁ በፊት መስመሩን በአየር ይሞላና ከኪሱ የሳሙና ቁራጭ አውጥቶ፣ በእርጥብ ጨርቅ አሽቶ፣ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ አረፋ ይቀባቸዋል። አረፋው ካልተነፋ ያልፋል፤ ከተነፋ ፈትቶ እንደ አዲስ። «እኔ የሠራሁት ግድግዳ አያለቅስም» ይላል፤ እውነቱን ነው።

ይህ አስቀድሞ ይነገር። የዚህን ሰው ታሪክ የሚሰማ ሁሉ «ድሃ ምን ያድርግ» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ለመገላገል ይቸኩላል። መገላገል የለም። ሰውየው ሰነፍ አይደለም፤ ደንቆሮም አይደለም፤ ልጁንም ከዓይኑ ብሌን አብልጦ ይወዳል። የተበላሸው ሌላ ቦታ ነው።

ልጁ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሁለት ብቻ ናቸው። በአንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ካውያ ላይ ትሠራ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ከራሷ በላይ የሚያልፈው የእንፋሎት ቱቦ ፈነዳ። ቱቦው ለወራት ሲያፏጭ ሠራተኞቹ ተናግረዋል፤ ባለቤቱ «ፉጨት አይገድልም» ብሏቸዋል። ከአገጯ እስከ ወገቧ ተቃጠለች። ባለቤቱ አንድ ሣጥን ለስላሳ አሸክሞ መጥቶ ጠየቃት፣ «ጥንቃቄ ጎድሏት ነው» የሚል ወረቀት ጽፎ ምስክር አስፈረመ፣ ከዚያ ወዲያ ስልክ አላነሳም። የዚያ ሆቴል አንሶላ ዛሬም ጥርት ብሎ የተተኮሰ ነው፤ እንግዶቹም ተመችቷቸው ይተኛሉ።

ቁስሉ ሲድን ሁለት ነገር ትቶባት ሄደ። አንደኛው፣ የአንገቷ ቆዳ ተኮማትሮ አገጯን ከደረቷ ጋር ሰፋው። ቀና ማለት አትችልም፤ ሰው ስታናግር ዓይኗን ብቻ ወደ ላይ ትገፋለች። ሁለተኛው ለዓይን አይታይም። የተቃጠለ ቆዳ አያልብም። ላብ የሌለው ገላ ደግሞ ክዳኑ የተበየደ ማንቆርቆሪያ ነው፤ ሙቀቱ መውጫ የለውም። በቀዝቃዛ ጠዋት ትስቃለች፣ ታበስላለች፣ በአባቷ ትቀልዳለች። ፀሐይ ስትጠነክር ግን መጋረጃ ዘግታ፣ እርጥብ ፎጣ ደርባ፣ ከቬንትሌተሩ ፊት ቁጭ ነው።

ሁለት ዓመት ከጠበቁ በኋላ ቀጠሮው ደረሰ። እንዲህ ያለውን አንገት የሚያላቅቁት ሐኪሞች በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ፣ ከቆላው ማዶ ያለ ሆስፒታል ይመጣሉ። ካርዱ «ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት» ይላል። መንገዱ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል፤ ሰባቱ እሳት ነው። ሌሊት እንዳይሄዱ፣ መንገዱ ከምሽት እስከ ንጋት በኬላ ይዘጋል። በአውቶቡስ እንዳይሄዱ፣ መስኮት ሲከፈት የሚጣላ እንጂ ሰው ሲታፈን የሚጣላ ተሳፋሪ የለም። የቀረው የአባቷ አሮጌ ፒካፕ ነው፤ የእሷም ኤሲ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ጋራዡ «ሙሉ ዕቃው ካልተቀየረ አልነካም» አለ። ዋጋውን ሲሰማ ጋሽ ሳሙና ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። ሁለት ሳምንት ስልኩ ላይ ተደፍቶ ሰዎች የመኪናቸውን ኤሲ በገዛ እጃቸው ሲጠግኑ ሲያይ ሰነበተና፣ በመጨረሻ ብድግ ብሎ፣ «ቧንቧ ነው!» አለ። «ቧንቧ ነው እኮ! በውሃ ፋንታ ጋዝ ሄደበት እንጂ።»

የሚገዛውን ዕቃ ለማጣራት ከአንድ ሕንጻ ደረጃ ሥር ወዳለችው የፍሪጅ ጠጋኝ ሱቅ ሄደ። ጠጋኟ ከልጁ ብዙም የማትበልጥ ሴት ናት። ሆዳቸው በተዘረገፈ ሁለት ፍሪጆች መካከል በርጩማ ላይ ተቀምጣ መዳብ ትበይድ ነበር። እሳቱን አጠፋችና ሰማችው።

«የግፊት መለኪያ ጌጅ ይግዙ፤ ርካሹም ይሠራል» አለች። «ጋዝ፣ የጋዙን ቆርቆሮ መክፈቻ፣ የጎማ ቀለበት። ሁሉም ርካሽ ቢሆን ግድ የለም። አንድ ነገር ብቻ እንዳይዘሉብኝ ጋሼ፤ ቫኪዩም ፓምፕ።»

«እሱ ምን ያወጣል?»

«አየር።»

«ከየት?»

«ከቱቦው ውስጥ ነዋ! መስመሩ ሲፈታ አየር ይገባል፤ ከአየሩ ጋር እርጥበት አለ። ጋዙ የሚያልፍባት ጉሮሮ የመርፌ ቀዳዳ ናት። እርጥበቱ እዚያ ሲደርስ በረዶ ይሆንና ድርግም አድርጎ ይዘጋታል።»

«እና በባዶ ቧንቧ ውስጥ ያለውን ባዶ ለማውጣት ፓምፕ ልግዛ?»

«ባዶ አይደለም እኮ ነው የምልዎት!»

«አንቺ ልጅ፣ አንቺ ሳትወለጂ እኔ መስመር ስዘረጋ ነበር።»

ሳቀች። «እሺ፣ አይግዙ። የኔ ፓምፕ እዚሁ አለ። ቀለበቱን ከቀየሩ በኋላ፣ ጋዙን ሳያስገቡ መኪናውን ያምጡልኝ። ግማሽ ሰዓት ነው፤ አንድ ሳንቲም አልቀበልዎትም። ልጅዎን አውቃታለሁ።»

ይህን ልብ በሉ። በነፃ ነው ያለችው።

በማግስቱ ርካሽ ዕቃ ወደሚቸረቸርበት ገበያ ወረደ። ሻጩ በቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ፣ ጌጆቹን በሽቦ አንጠልጥሎ፣ በአንድ ጆሮው ስልክ እያወራ በሌላው ደንበኛ ይሰማል። ጋሽ ሳሙና አንዱን አውርዶ ወደ ብርሃን አዞረው። ሁለት ክብ ሰዓት የመሰለ ፊት፣ አንድ ሰማያዊ አንድ ቀይ ቱቦ።

«መርፌው ከዜሮ በላይ ነው የቆመው» አለ።

ሻጩ መስታወቱን በጥፍሩ ኳ ኳ አደረገው። መርፌው ዘለለና ተመልሶ እዚያው ቆመ። «ሁለት መስመር እኮ ነው አባቴ! ሁለቱን ቀንሰህ ታነባለሃ። የተማረ ሰው ትመስላለህ።»

«ጌጅ ከነስሌቱ ነው የምትሸጠው?»

«ስሌቱ ምርቃት ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ጋዙን አራት ቆርቆሮ፣ መክፈቻውን፣ በትንሽ ብልቃጥ የታጨቀ የጎማ ቀለበት አስጨመረ።

«ቫኪዩም ፓምፕስ አለህ?»

ሻጩ ዞር ብሎ መደርደሪያውን እንኳ አላየም። «ፓምፕ ለጋራዥ ነው። ለአንዲት ፒካፕ ፓምፕ መግዛት ዝንብን በጥይት ማባረር ነው።»

ሻጭ መደርደሪያው ላይ የሌለውን «አያስፈልግህም» ይልሃል፤ ያለውን ደግሞ «ያለሱ አትኖርም»። ጋሽ ሳሙና ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው? እሱ ራሱ ለስንቱ ደንበኛ «ዕቃ እንጂ ምክር ከሻጭ አትግዛ» ብሏል! ያን ቀን ግን ይፈልግ የነበረው ፓምፕ ሳይሆን፣ ፓምፕ አያስፈልግም የሚለው ሰው ነው። አገኘው። ምክሩን ከጌጁ ጋር በአንድ ፌስታል አስጠቅልሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቅዳሜ ከጎሚስታው ትንሿን ኮምፕሬሰር ተውሶ፣ ግቢው ውስጥ ኮፈኑን ከፍቶ መስመሩን አየር ሞላው። ሳሙናውን አወጣ። ልጁ ፎጣዋን እንደደረበች ከጥላው ሥር ትመለከተዋለች። ቀባ፣ ቀባ፤ ምንም። ከሞተሩ ኋላ፣ እጅ በጭንቅ በሚገባበት ጠባብ ቦታ፣ አንዲት መጋጠሚያ ላይ ግን አረፋው ቀስ እያለ እንደ እንቁራሪት ጉሮሮ አበጠ።

«ያዝኩሽ!» ብሎ ጮኸ።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው አባዬ?»

«ከሌባዋ ጋር!»

አሮጌዋ የጎማ ቀለበት ሲነካት እንደ ብስኩት ተፈረፈረች። አዲሷን አስገባ፣ አጠበቀ፣ እንደገና አረፋ ቀባ፤ ጸጥ። አየሩን ለቀቀው። «ሽሽሽ» እያለ ወጣና ድምፁ አለቀ። ድምፁ ሲያልቅ፣ ለእሱ ቧንቧው ባዶ ሆነ። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ነው የሠራው፤ የማይንጠባጠብና የማያፏጭ ነገር ባዶ ነው። ሁለት ቆርቆሮ ጋዝ አስገባ፤ ሁለቱን ለመጠባበቂያ አስቀመጠ።

ቀዘቀዘ። ልጁ ፒካፕዋ ውስጥ ገብታ እጇን ከንፋሱ ፊት ዘረጋች። ሃያ ደቂቃ ተቀመጠችና «ሹራብ አምጣልኝ» አለች። ሹራብ! ሦስት ዓመት ያልጠየቀችውን። ሰውየው እንባውን በቅባታም ጨርቅ ጠረገና ፊቱ እንደ ከሰል ጠቆረ፤ ሳቀችበት። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ እጁን በመስኮት እያስገባ «ጉድ ነው!» አለ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

እሑድ ከሰዓት ጠጋኟ ደወለች።

«ጋሼ፣ ነገ ነው አይደል የምትሄዱት? ሱቅ ነኝ፤ ያምጡት።»

«አለቀ እኮ! በረዶ ነው የሚተፋው።»

«ቫኪዩም ተደረገ?»

ልጁ አጠገቡ ሻንጣ እያስተካከለች ነበር።

«ተደርጓል» አለ።

«በማን ፓምፕ?»

«በሰው ነዋ! ተደርጓል አልኩሽ።» ዘጋው።

ልጁ ዓይኗን ወደ ላይ ገፍታ አየችው። «መቼ ነው የተደረገው?»

«የቀዘቀዘ ነገር ደግሞ ምን ይደረጋል? አንቺ ሻንጣሽን ያዢ።»

ገንዘብ አልነበረም የከለከለው። ጊዜም አልነበረም። በልጁ እኩያ ሴት ፊት ቆሞ «ልክ ነሽ» ማለት ነው የተናነቀው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። ተረቱ የማይናገረው፣ መከራ ሲመክር ዱላውን የሚያሳርፈው ሁልጊዜ እምቢ ባለው ላይ አለመሆኑን ነው።

ሰኞ ንጋት ኬላው ሲከፈት ወጡ። ሁለት ጀሪካን ውሃ ከኋላ ጭነዋል። ሁለት ሰዓት በደጋው ከነዱ በኋላ መንገዱ ወደ ቆላው ይወርዳል። ውጭ ያለው አስፋልት እንደ ውሃ ሲንቀለቀል ይታያል፤ ውስጥ ግን ቀዝቃዛ ነው። ልጅቱ ሹራቧን ለብሳ ዘፈን ታንጎራጉራለች።

«ሐኪሞቹ አንገቴን ሲፈቱልኝ መጀመሪያ የማየው በራህን ነው» አለችው። «ሦስት ዓመት ሙሉ የማውቅህ በጫማህ ነው።»

«በራዬ ምን ሆነ? ሲያንጸባርቅ መንገድ ያሳያል።»

ቆላውን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንደነዱ ዘፈኑ ቆመ። ሹራቧን አወለቀች።

«ሞቀ እንዴ?» አለ።

«ትንሽ።»

«ዳገት ስለሆነ ነው።»

ዳገት አልነበረም። መንገዱ እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ነበር።

ንፋሱ ለብ አለ፤ ከዚያ ሞቀ፤ ከዚያ ከውጭው ጋር አንድ ሆነ። አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ኮፈኑን ከፍቶ ጌጁን ገጠመ። የሰማያዊው ቱቦ መርፌ ቁልቁል ወርዶ ከዜሮ በታች ተጋድሟል። ሁለቱን መስመር ቀነሰ፤ ባሰበት። የፍሪጅ ጠጋኝ ቢያይ ኖሮ ገና ሳይነካው «ጉሮሮው በረዶ ሆኗል፤ ጋዙ ከወዲያ ታግቷል፤ አጥፍተህ ጠብቅ» ይል ነበር። ለቧንቧ ሠራተኛ ግን ዜሮ ማለት ባዶ ነው፤ ባዶ ደግሞ ይሞላል።

«ደውልላት» አለች ልጁ በመስኮቱ።

«ለማን?»

«ለማን እንደሆነ ታውቃለህ።»

«ኔትወርክ የለም።»

ነበር። እንኳን ለስልክ ለሠርግ የሚበቃ ኔትወርክ ነበር።

የቀሩትን ሁለት ቆርቆሮዎች አከታትሎ አስገባ። እሱ ይህን ሲያደርግ በረዶው በሞተሩ ሙቀት ቀልጦ ኖሮ ጉሮሮው ተከፈተ። ቀዝቃዛው ንፋስ ተመለሰ፤ ከበፊቱም ብሶ። «አየሽ!» ብሎ ዳሽቦርዱን በመዳፉ መታው። «አየሽ አይደል? ጋዝ ነው ያነሰው!» ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ለማየት ያሳፍራል። ሩብ ሰዓት ነዱ። ከዚያ ከፊት ለፊታቸው ጎማ የፈነዳ የሚመስል ድምፅ ተሰማ፤ ነጭ ጉም ከኮፈኑ ሥር ቦለለ። እጥፍ ጋዝ የታጨቀበት አሮጌ ቱቦ ለሁለት ተተርትሮ ነበር። ጋዙ አለቀ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ወደ ኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ቆላ፣ ወደ ፊት አምስት ሰዓት ያህል። ሰዓቱ ወደ እኩለ ቀን ገፍቷል። መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ ወደ ፊት ነዳ፤ የሚገባው ንፋስ ከምድጃ አፍ የሚወጣ ነው። ፎጣ አርሶ ደረበባት፤ በአሥር ደቂቃ ደረቀ። እንደገና አረሰ። ፊቷ ቀላ፤ አንዲት ጠብታ ላብ የለበትም። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደነዱ ዝም አለች፤ ቀጥሎ ደግሞ መናገር ጀመረች።

«ካውያውን ንቀሉት» አለች። «አንሶላው እየተቃጠለ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሳያይ ንቀሉት።»

«ልጄ፣ እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

«ንቀሉት አልኩ!»

የኮንክሪት ድልድይ ሲያይ ፒካፕዋን ከመንገዱ አውጥቶ፣ በጀርባው አዝሏት ወደ ሥሩ ወረደ። ጭቃማ ውሃ በስሱ ይፈሳል፤ ጥላው ግን ጥቁርና ወፍራም ነበር። ውሃው ውስጥ አስተኝቶ ራሷን ጭኑ ላይ አደረገ። ከጀሪካኑ በጣሳ እየቀዳ አናቷ ላይ ሲያፈስ፣ ሲያፈስ፣ ክንዱ ዛለ። በየመሃሉ ወደ መንገዱ ሮጦ እጁን ያውለበልባል። አሥራ አንድ መኪና ቆጠረ፤ መስኮታቸው የተዘጋ፣ ውስጣቸው የቀዘቀዘ። አንዱ ፍጥነቱን ቀንሶ አየውና ጨመረ። ለእነሱ፣ በእኩለ ቀን ጭቃ ለብሶ እጁን የሚያወዛውዝ ሽማግሌ ወንበዴ ነው ወይ እብድ። ለማጣራት መስኮት መክፈት ያስፈልጋል፤ መስኮት ሲከፈት ደግሞ ሙቀት ይገባል።

የቆመው የጭነት መኪና ሾፌር ነው።

«የኔም ጋቢና ምድጃ ነው ወንድሜ፤ ብጭናት እጨርሳታለሁ» አለ። ከመቀመጫው ኋላ በረዶ የያዘ የውሃ ማቀዝቀዣ አውርዶ ሙሉውን ሰጠው። «ብብቷና አንገቷ ላይ አድርግ። ፀሐይ ሳትበርድ ንቅንቅ እንዳትሉ።» መስኮቶቿ ሁሉ የተከፈቱትን ፒካፕ አየ። «ኤሲ ነው?»

«ኤሲ ነው።»

«ማነው የሠራልህ?»

ጋሽ ሳሙና በረዶውን ታቅፎ ወደ ድልድዩ ሥር ወረደ። ሾፌሩም ገብቶት ሄደ።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ ልጅቱ ዓይኗን ገለጠችና የት እንዳሉ ጠየቀች። አባቷን፣ ቀኑን፣ ቀጠሮውን አወቀች። «ተነስ እንሂድ» አለች። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ነድተው ቀጣዩ ኬላ ላይ ሲደርሱ ገመዱ ተስቧል። ካርዱን አሳየ፣ ለመነ፣ ጮኸ፤ ኬላ ጠባቂው ካርድ ማንበብ ሥራው አይደለም። ንጋት ሲከፈትላቸው ገና አራት ሰዓት የሚጠጋ መንገድ ነበራቸው።

ሆስፒታሉ የደረሱት አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ነርሷ የልጅቱን ሙቀት ለካች፣ እንደገና ለካች፣ ሐኪሙን ጠርታ አሳየችው።

«ተራዋን ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ለተጠባባቂ ሰጥተነዋል» አለች ተመልሳ። «ባይሰጥም ኖሮ በዚህ ትኩሳት ማደንዘዣ አትወስድም። ሐኪሞቹ ዓርብ ይሄዳሉ፤ እስከዚያ ያለው ቀን በሙሉ ሰው አለው።»

«ነገ ብትድንስ? ወለል ላይ ትተኛ፤ በኮሪደር…»

«አባባ፣ ወለሉም ሰው አለው።»

ወደ ካርድ ክፍል ላከቻቸው። መስኮቱ ከፍ ያለ ነው፤ ልጅቱ ልታየው አልቻለችም። ጸሐፊዋ ከመስታወቱ ሥር ቅጽ አሾለከች። «አዲስ ቀጠሮ የሚያዘው ያለፈው ሲዘጋ ነው። ያልተገኙበትን ምክንያት እዚህ ጋ ይሙሉ።»

ጋሽ ሳሙና እስክሪብቶውን ይዞ «የመኪና ብልሽት» ብሎ ጻፈ። ልጁ አጠገቡ ቆማለች። አንገቷ እንዳቀረቀረ ስለሆነ ከወረቀቱ ሌላ የምታየው የለም።

«መኪናው አይደለም» አለች።

«ምን ልበል ታዲያ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ?»

ከኋላ የተሰለፈው ሰው ያጉረመርም ጀመር። ጋሽ ሳሙና የጻፈውን ሰረዘና ከሥሩ «አባት የተነገረውን ባለመስማቱ፤ ዋሽቶም ስለነበር» ብሎ ጻፈ። መልሶ አሾለከው።

ጸሐፊዋ አነበበችው። ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።

«እንዲህ ያለ ምክንያት እዚህ የለም አባባ። 'የትራንስፖርት ችግር' ብዬዋለሁ።» ማኅተሙን አሳረፈች። «የሚቀጥለው ዓመት፣ በዚሁ ወር። በጊዜ ይምጡ። ቀጣይ!»

ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ ፀሐይ ያልነካችው ሲሚንቶ ላይ ተቀመጡ፤ ኬላው ንጋት ላይ እስኪከፈት፣ የማለዳው ብርድ እስኪመጣ መጠበቅ አለባቸው። ልጅቱ ካርዱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀኑን ደጋግማ አነበበችው። አላለቀሰችም፤ አልተሳደበችም። ጋሽ ሳሙና ፎጣውን ከኮሪደሩ ቧንቧ አርሶ አመጣና ትከሻዋ ላይ ደረበላት።